312ኛው መልእክት

እኅቴ፣ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሽ በአንድ የሙከራ ክፍል ከተቀጠርሽ አምስት ወር እንደሆነሽ፣ ሥራሽም የፕሮቶኮል፣ ማለትም መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ደንብ፣ መልእክቶችን ከጽሑፍ ፋይል ወደ መሞከሪያ ሶፍትዌር ማስገባት ብቻ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። አባትሽ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለግልበጣ ነው እንዴ?» ይሉሻል፤ አንቺም ልትለቂ አስበሻል። ስለ ደመወዙና ስለ ሁለተኛ ዲግሪም ጠይቀሻል። ከፊርማሽ በታች ግን አንዲት መስመር አለች፦ «ፋይሉ 312 መልእክት አለው፤ ሶፍትዌሩ የሚያሳየው 311 ነው፤ ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም።» ብዕር ያስነሣኝ እሷ ናት።

በፋይሉ ውስጥ «10» ተብሎ የተጻፈውን ውሰጂ። እንደ ተራ ቁጥር ከተነበበ አሥር ነው። በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በአሥራ ስድስት መሠረት አቆጣጠር፣ ከተነበበ አሥራ ስድስት ነው። እንደ ፊደል ከተወሰደ ደግሞ 49 እና 48 የሆኑ ሁለት ባይቶች፣ ማለትም ኮምፒውተር መረጃ የሚይዝባቸው ትንንሽ ቁጥሮች፣ ይወጡታል። ሶፍትዌሩ ሦስቱንም ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው የፕሮቶኮሉን ሰነድ ያነበበ ሰው ነው። የባይት ቅደም ተከተል ከዚህም ይብሳል። ለከባድ ተሽከርካሪዎች በሚያገለግለው ጄ1939 በተባለው ፕሮቶኮል የሞተር ፍጥነት በሁለት ባይት ይላካል፤ አንዱ አሃድ 0.125 ዙር በደቂቃ ስለሆነ 8000 ማለት 1000 ዙር ነው። ሁለቱ ባይቶች ቦታ ቢለዋወጡ 8000 የነበረው 16415 ይሆንና ሞተሩ በ2051.875 ዙር የሚሽከረከር ይመስላል። ቁጥሩ የማይታመን ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይደነግጥ ነበር። ይህኛው ግን ጤነኛ መስሎ ያልፋል። ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችውም አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ሰከንድ በፋይል ያቀበለውን የግፊት መጠን ሌላው በኒውተን ሰከንድ ስለወሰደው ነው።

እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት በሙከራ ክፍል ቆይቻለሁ፤ ፍርዴ ወደዚያ ቢያዘነብል አትገረሚ። በሁለተኛው ዓመቴ ሞድባስ በተባለ የፋብሪካ መሣሪያዎች ፕሮቶኮል የሚነጋገር አንድ መሣሪያ ለላክሁለት ሁሉ ዝም አለኝና «ብልሽት» ብዬ መዘገብኩ። የሠሩት ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈትሹት ዋሉ። ለካ ፋይሉ ሁለቱን የስሕተት መፈተሻ ባይቶች አልያዘም፤ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲጨምራቸውም አላዘዝኩትም። መሣሪያው ዝም ማለቱ ደንቡን መጠበቁ ነበር። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር ያስገባሁት ፋይል የለም።

ስለዚህ አትልቀቂ፤ አሠራርሽን ግን ቀይሪው። ያስገባሽውን መልሰሽ ወደ ፋይል አውጪና ከመጀመሪያው ጋር በኮምፒውተር አነጻጽሪ። ሆን ብለሽ አንድ የተበላሸ መልእክት ጨምሪና ሶፍትዌሩ ይናገር እንደሆነ እዪ። ሦስት ጊዜ በእጅሽ የሠራሽውን በአራተኛው በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፊው። የፕሮቶኮሉን ሰነድ እንድታነቢ፣ ውጤቱ ሲመረመርም አብረሽ እንድትቀመጪ ጠይቂ። ይህን ከከለከሉሽ ያን ጊዜ መልቀቂያሽን አስገቢ።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ የከበዳቸው ሥራሽ ሳይሆን ሰው ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ማጣታቸው ይመስለኛል። ለዚያ ሲባል ሥራ አይለቀቅም። ደመወዙ ወሩን የማያዘልቅሽ ከሆነ ግን ምክሬን ትተሽ የተሻለ ወደሚከፍል ሂጂ፤ በባይት ቅደም ተከተል የቤት ኪራይ አይከፈልም። ሁለተኛ ዲግሪው ሁለት ዓመት ቢቆይ አያመልጥሽም።

ወደ ጎደለው መልእክት ስንመለስ፣ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዪ። የመጨረሻው ከሆነ መስመሩ ያለ መስመር መዝጊያ አልቆ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ጨምሪና ሞክሪ። የመጀመሪያው ከሆነ በፋይሉ ራስ ላይ 239፣ 187 እና 191 የሆኑ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ተቀምጠው ሶፍትዌሩ መልእክቱን እንዳያውቀው አድርገው ይሆናል። ከመካከል ከሆነ ደግሞ ጻፊልኝ፤ እሱን ለማወቅ እኔም ጓጉቻለሁ።