መብራቱን ተዉት፣ መጀመሪያ ድምፁን አስተካክሉ
ሰላም ወንድሜ። ጎንደር አዘዞ ያለው የቲያትር ክበባችሁ ሲያቀርብ ተመልካቹ መሃል ላይ እየወጣ አስቸግሮናል፣ የመድረክ መብራትና አልባሳት ብንገዛ ይሻሻላል ወይ ብለሃል። እኔ ብሩን አቆዩት እላለሁ።

መጀመሪያ ድምፅ ነው። ብዙ የክበብ ተዋንያን አንድ ማይክ እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። ማይኩን የያዘው ይናገራል፣ ሌላው ደርቆ ይቆማል። ይሄ ትወና ሳይሆን ተራ መጠበቅ ነው። አንድ ሰው የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጡና ያለ ማይክ ተለማመዱ። አልሰማሁም ባለ ቁጥር ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድገሙት። ጩኹ ማለቴ አይደለም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፤ ተዋናዩ ጫፉን ከዋጠው ተመልካቹ ማን ምን እንዳደረገ ሳይሰማ ያልፈዋል።

ድርሰቱ ላይም ጨከን በሉ። ስለ ስደት ወይም ስለ ሱስ ስትሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ወጥቶ የሚመክርበትን ትዕይንት ቁረጡት። ታሪኩ ካልነገረው ሽማግሌውም አያድነውም። አዘጋጁ ደግሞ ዋናውን ገፀ ባሕርይ ባይጫወት ይሻላል፤ እሱን ከውጭ ሆኖ ማን ያርመዋል?

ሙዚቃውን ከፍላሽ አትክፈቱ። ጎንደር ተቀምጦ ማሲንቆ መቺ ማጣት ያስቃል! አዝማሪው ትዕይንት ሲቀየር ክፍተቱን ይሞላል፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

አልባሳቱን ከየቤታችሁ ተዋሱ። በተረፈው ብር አዳራሹን ለአንድ ተጨማሪ ቀን ተከራዩና የመጨረሻውን ልምምድ እዚያው መድረክ ላይ አድርጉ።