የቦታ ስም ለምትከታተሉ ልጆች

ይድረስ የእንግሊዝን የአካባቢ ታሪክ ለምትቆፍሩ ወጣቶች። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዛግብት መሃል ነው። የቦታ ስም ይዘው የሚመጡ ልጆች ደስ ይሉኛል። ብዙዎቹ ግን ትርጉሙን ቤታቸው ጨርሰው ነው የሚመጡት። መዝገቡን የሚፈልጉት ለምስክርነት ብቻ ነው።

እስቲ ብሪጅዋተርን እንይ። ሶመርሴት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ፓሬት የሚባል ወንዝ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ድልድይም አላት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ «ድልድይ» እና «ውሃ» ብሎ ይገላገላል። አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊሊያም በ1085 የገና ሰሞን አዝዞ በ1086 የተሰበሰበ ዱምስዴይ የሚባል የመሬት መዝገብ አለ። እዚያ ላይ ስሟ «ብሩጊ» ነው። ድልድዩ አለ፤ ውሃው የለም። ባለይዞታው ማን ነው ብላችሁ ስታዩ ዋልተር የሚባል ከዱዌ የመጣ ባላባት ታገኛላችሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ በተጻፉ ሰነዶች ላይ የዋልተር ስም ከድልድዩ ኋላ ተለጥፏል። ውሃ የመሰለን ሰውዬው ነው!

ካምብሪጅም ጉድ ናት። የድሮው ስሟ የግራንታ ድልድይ ማለት ነበር፤ ወንዙም ግራንታ። የከተማዋ ስም በሰው አፍ ሲንከባለል ተለወጠ። ወንዙ ካም የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ ወዲህ፣ ከከተማዋ ነው። አባት በልጁ ስም ሲጠራ እንደማለት።

ስለዚህ ያገኛችሁትን አጻጻፍ ሁሉ እንዳለ ገልብጡት። አታርሙት። የድሮ ጸሐፊ የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ አንድ ሰነድ ላይ እንኳ አንዱን ስም ሁለት ዓይነት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ከጎኑ ዓመቱንና የሰነዱን ዓይነት አስፍሩ። ዋናው ሰነድ ነው ወይስ ግልባጭ? ይህን ሳትጠይቁ አትለፉ። ኖርማኖች በ1066 ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የነበሩ ብዙ የመሬት ስጦታ ደብዳቤዎች የደረሱን በኋላ ዘመን ግልባጭ ነው፤ ገልባጩ ደግሞ ስሙን በራሱ ዘመን አፍ ይጽፈዋል።

ቀንም ያሳስታል። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ በሕግ ዓመት የሚለውጡት ማርች 25 ቀን ነበር። ፌብሩዋሪ 1700 የተባለ ሰነድ በዛሬው አቆጣጠር 1701 ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለምንለውጥ ለእኛ ይህ ብዙም አይገርመንም።

ስሙ ከካርታ ላይ ከጠፋ የአሥራት ካርታዎችን ጠይቁ። እኔ ከሁሉም የምወደው እነሱን ነው። በ1836 በወጣ ሕግ የእህልና የከብት አሥራት በገንዘብ ሲተካ እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥሩን ካርታው ላይ ታያላችሁ፤ አባሪው መዝገብ ላይ ባለቤቱን፣ የሚያርሰውን፣ የማሳውን ስፋትና ስም ታነባላችሁ። መንደሩ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን አንድ የበግ ግጦሽ ላይ ቀርቶ ይገኛል።

የባቡር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቦታው ድሮ በየትኛው አውራጃ እንደነበር አጣሩ። አቢንግደን ዛሬ ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ናት፤ እስከ 1974 የበርክሻየር ነበረች። ለድሮ መዝገቦቿ መጀመሪያ የሚደወለው የበርክሻየር መዛግብት ቤት ወዳለበት ወደ ሬዲንግ ነው። እርሳስም ያዙ፤ እስክሪብቶ ይዞ ንባብ ክፍል መግባት አይፈቀድም።