«ኮዴ ይሠራል፣ ኮንሶሌ ግን ቀይ በቀይ ነው»

ጠያቂያችን የስታትስቲክስ ተማሪ ነው። አር በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ሲሙሌሽን ሲዘገይበት ከባዱን ሉፕ በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፎ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች በሚያስተሳስረው አርሲፒፒ በሚባል ፓኬጅ አገናኘው። ለማትሪክስ ስሌቱ አይገን የሚባለውን የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ የሚያመጣውን አርሲፒፒ አይገንን ጨመረ። ፍጥነቱ ተስተካከለ። ግን ኮዱን ቀይሮ፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይሉን ኮምፓይል የሚያደርገውን ሶርስ ሲፒፒ የተባለ ፈንክሽን በጠራ ቁጥር ኮንሶሉ በቀይ ጽሑፍ ይጥለቀለቃል። «ማስጠንቀቂያ ዝም ያሰኛል የሚባለው ሰፕረስ ዋርኒንግስ ውስጥ ከተትኩት፣ ሰፕረስ ሜሴጅስም ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ከዚህ ሁሉ መሀል የራሴን ስህተት እንዴት ልለይ?» ይላል። የሚጠቀመው ኡቡንቱ ነው።

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ዋናዋ ናት፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ሰፕረስ ዋርኒንግስ ለምን እንዳልሠራ። እሱ የሚይዘው አር ራሱ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። የሚጮኸው ግን አር አይደለም፣ ኮምፓይለሩ ነው። ኮምፓይለሩ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ እንዲተረጉም አር የሚቀሰቅሰው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ጽሑፉንም በአር በኩል ሳያሳልፍ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ያፈሰዋል። የጎረቤት ሬዲዮ ሲጮህ የራስህን ቴሌቪዥን ድምፅ ብትቀንስ ምን ዋጋ አለው?

አሁን አንዱን ዋርኒንግ ጠጋ ብለህ እየው። ሲጀምር ረጅም የፋይል አድራሻ አለ። መሀሉ ላይ «አይገን» የሚል ስም ካየህ አንተ የጻፍከው ፋይል አይደለም፤ የላይብረሪው ነው። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሰረዝ፣ ትልቅ ደብልዩ፣ ከዚያ የማስጠንቀቂያው ስም ተጽፏል። ያንተ በብዛት «ኢግኖርድ አትሪቢዩትስ» ይመስለኛል። አይገን ቁጥሮችን በጥቅል ለማስላት ለፕሮሰሰሩ በተዘጋጁ ልዩ የዳታ ዓይነቶች ይጠቀማል፤ ኮምፓይለሩም «አንዷን ምልክት ትቻታለሁ» እያለ ደጋግሞ ያሳውቅሃል። ጉዳት የለውም፤ ግን ያሰለቻል።

መድኃኒቱ ያለው የኮምፓይለሩ ምርጫዎች የሚጻፉበት ሜክቫርስ የሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ የሚቀመጠው ሆም ፎልደርህ ውስጥ፣ ስሙ ነጥብና ትልቅ አር በሆነ ስውር ፎልደር ነው። ፈልገህ ካጣኸው አትጨነቅ፤ ዩዝዚስ የሚባለው ፓኬጅ «ኤዲት አር ሜክቫርስ» በሚል ፈንክሽን ራሱ ይከፍትልሃል።

እዚያ «ሲኤክስኤክስ ፍላግስ» ብለህ በትልልቅ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ጻፍ። ቀጥሎ የመደመርና የእኩል ምልክት፣ አጣብቀህ። ከዚያ ያንን በካሬ ቅንፍ ያለውን ስም፣ ከነሰረዙና ከነደብልዩው፣ ከስክሪንህ ኮፒ አድርገህ ለጥፍ፤ ቅንፉን ተወው። በመጨረሻም ከደብልዩዋ ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል «ኖ» እና ሰረዝ አስገባ። አለቀ። ሌላ ስም ያለው ዋርኒንግም ከቀረ በዚሁ መንገድ ከጎኑ ትጨምረዋለህ። ኮድህ ሲ ፕላስ ፕላስ 17ን በግልጽ የሚጠይቅ ከሆነ «ፍላግስ» ከሚለው በፊት 17 የገባበት ተመሳሳይ መስመርም ጻፍ፤ ሁለቱም ቢኖሩ አይጎዳም።

የመደመር ምልክቷን አደራ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቻት በእኩል ምልክት ብቻ ጻፍኩ። ጫጫታው ጸጥ አለ፣ ደስ አለኝ። ሞዴሉ ግን ቡና ጠጥቼ ስመለስም አላለቀም። ለካ የአርን ነባር ምርጫዎች በሙሉ አጥፍቼ፣ ሰረዝ ትልቅ ኦ 2 የሚባለውን የማፍጠኛ ትእዛዝ አብሬ ጥያለሁ። አይገን ያለ እሱ ኤሊ ነው።

«ለምን አንድ በአንድ እለቅማለሁ፣ ሁሉንም ልዝጋው» ካልክ ሰረዝና ትንሿ ደብልዩ ሁሉንም ጭጭ ታሰኛለች። እኔ አልወዳትም። ምክንያቱ ያችው «የራሴን ስህተት እንዴት ልለይ» ያልካት ጥያቄህ ናት። ፋይሉ ያንተ የሆነበት ዋርኒንግ ሲመጣ ማየት ትፈልጋለህ፦ ዋጋ ሳትሰጠው የተጠቀምክበት ቫሪያብል፣ ከሉፑ ቆጣሪ ጋር የማይገጥም ዓይነት፣ መመለስ ሲገባው ምንም የማይመልስ ፈንክሽን። እንዲህ ያለው ስህተት ያለ ኤረር የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል፣ እሱም መመረቂያህ ውስጥ ይገባል።

ይህ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ያለው ሜክቫርስ የኮምፒውተርህ የግል ማስተካከያ ነው። ኋላ ኮድህን ፓኬጅ አድርገህ ለክራን፣ ለአር ፓኬጆች ይፋዊ ማከማቻ፣ ልላክ ካልክ እነዚህን የኮምፓይለር ትእዛዞች የፓኬጁ የራሱ ሜክቫርስ ውስጥ አትክተታቸው፤ የአር ቼክ በሁሉም ኮምፓይለር አይሠሩም ብሎ ያነሳቸዋል።

ለመሞከር ስትል ግን ተጠንቀቅ። ሶርስ ሲፒፒ ፋይሉ ካልተቀየረ ዳግም ኮምፓይል አያደርግም፤ ስለዚህ በዚያው ሴሽን ሁለተኛ ስትጠራው ሜክቫርስን ባትነካውም ዝም ይላል። «ሪቢልድ» የሚለውን አርጉመንት «ትሩ» አድርገህ ጥራው።