ቀኑ ያለፈበት ፊልም ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ሥራ ያቆመ ፎቶ ቤት ውስጥ አንድ ካርቶን የ35 ሚሊ ፊልም አግኝተሃል። ግማሹ ኮዳክና ኮኒካ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ስሙን ሰምተኸው የማታውቀው። ሳጥኑ ላይ 08/2006 ይላል። ገንዘብህን ውኃ እንዳይበላው ፈርተሃል።

እኔ ግዛ ባይ ነኝ። ግን ሁሉንም አይደለም። በተጠራልህ ዋጋም አይደለም።

ከጥያቄህ ሥር አንዱ አስተያየት ሰጪ «ገና አሥር ምናምን ዓመቱ ነው» ብሎሃል። አይደለም። 2006 የፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1998 ማለት ነው። ዕድሜው ወደ 20 ዓመት ገደማ ነው ብለህ ያዝ።

ከዕድሜው በላይ ግን ወሳኙ የት እንደቆየ ነው። ፊልምን የሚጎዳው ሙቀት ነው። ፍሪጅ ውስጥ የከረመና ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ እኩል ቀን ቢያልፍባቸውም እኩል አይደሉም። ስለዚህ የፎቶ ቤቱን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ረጋ ብለህ ጠይቃቸው። ባያስታውሱም ሳጥኑ ራሱ ይናገራል። አገላብጠህ እየው። አንዱ ጎኑ ነጥቶ ሌላው ደማቅ ከሆነ፣ ቪትሪን ላይ ፀሐይ ሲመታው ኖሯል። እሱን ተወው። ከባንኮኒው ሥር ከነካርቶኑ የተቀመጠውን አስወጣ። ክዳኑን ስትከፍተው ሻጋታ ሻጋታ የሚሸተውንም መልስላቸው፤ የሐይቁ እርጥበት ቀላል አይደለም።

ሳጥኑ ላይ የፍጥነት ቁጥራቸው (አይኤስኦ) 800 እና 1600 የሚሉትን በነፃ ካልሰጡህ አትንካ። ፍጥነቱ ከፍ ያለ፣ ማለትም ለትንሽ ብርሃን ቶሎ የሚነቃ ፊልም ቶሎ ያረጃል። ሙቀቱ ቢቀርለት እንኳ ከምድርና ከሕዋ የሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር ያገኘዋል፣ እሱን ደግሞ ፍሪጅም አያስቆመውም። 100 እና 200 ውሰድ። ጥቁርና ነጭ ካገኘህማ ዓይንህን ሳታሽ ግዛ።

ስሙን የማታውቀው ፊልም አያስፈራህ። የቀለም ፊልም ማንም ጓሮው ውስጥ የሚሠራው ነገር አይደለም። ያኔ በብዛት የሚያመርቱት ኮዳክ፣ ፉጂ፣ አግፋ፣ ኮኒካ፣ የጣሊያኑ ፌራኒያ፣ የቻይናው ላኪ እና ጥቂት ሌሎች ነበሩ። የሱፐርማርኬት ወይም የፎቶ ቤት ስም የተለጠፈበት ፊልም ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ የአንዱ ሥራ ነው። ኮኒካዎቹን በተመለከተ፣ ኮኒካ ሚኖልታ ከፊልም ሥራ መውጣቱን ያሳወቀው በ2006 መጀመሪያ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ከተሠሩት ናቸው። አዲስ አታገኝም።

ከስሙ ይልቅ በየትኛው የኬሚካል ዓይነት እንደሚታጠብ እይ። ፊልሙ ላይ ሲ-41 ከተጻፈ ተራ የቀለም ኔጌቲቭ ነው፣ ብርሃኑ ጠቁሮ ጥላው ስስ ሆኖ ተገልብጦ የሚወጣው። ፉጂ ሲኤን-16፣ አግፋ ኤፒ-70፣ ኮኒካ ሲኤንኬ-4 እያሉ ይጽፉታል፤ ሁሉም በሲ-41 ይታጠባል። ኢ-6 ስላይድ ነው፣ ምስሉ ሳይገለበጥ በራሱ ቀለም ፊልሙ ላይ የሚወጣው። ኬ-14 ካየህ ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ ስላይድ ነው። እሱን በቀለም የሚያጥበው የመጨረሻው ላብ (ፊልም ማጠቢያ ቤት) በ2010 መጨረሻ መቀበል አቁሟል፣ ስለዚህ ለመታሰቢያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው። ኢሲኤን-2 የሚል ካጋጠመህ ግን ተጠንቀቅ። የሲኒማ ፊልም ነው፣ ጀርባው ላይ ጥቁር የካርቦን ሽፋን አለው። ሳትናገር ላብ ከሰጠኸው ኬሚካላቸውን ያበላሻል፣ የሌላ ሰው ፎቶም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው። «ካሜራውን ስንት ላይ ላድርገው?» ብለሃል። ለቀለም ኔጌቲቭ በልምድ የሚሠራበት፣ በየ10 ዓመቱ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ ብርሃን መጨመር ነው። ለ20 ዓመት ሁለት ስቶፕ ነውና 200 የሚለውን የካሜራው አይኤስኦ 50 ላይ አድርገው። ፊልም ሲያረጅ ብርሃን ሳያገኝም ራሱ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ኔጌቲቩ ላይ ጉም ይለብሳል። ጉሙ ቀድሞ የሚውጠው ጥላ ጥላውን ነው፣ ምክንያቱም ኔጌቲቭ ላይ ስሱ ክፍል እሱ ነው። ብርሃን ስትጨምርለት ጥላው ከጉሙ በላይ ይወጣል። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጭማሪው ግማሽ፣ አንድ ስቶፕ፣ ይበቃዋል። ስላይድ ላይ ግን ይህን አታድርግ፣ ብሩህ ብሩሁ ጠፍቶ ባዶ ይቀራል።

50 አነሰ ብለህ አትጨነቅ፣ ሐዋሳ በፀሐይ አትታማም። ጠራራ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የሹተሩን ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ብለህ ማንሳት ነው። የያዝከው አሮጌ ዜኒት፣ የሶቪየቱ ካሜራ፣ ከሆነ የላይት ሜትሩን (የብርሃን መለኪያውን) መርፌ አትመነው፣ ብዙዎቹ ደክመዋል። ቁጥሩን ራሱ የሚያነብ አውቶማቲክ ካሜራ ከሆነ ደግሞ የፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ያሉትን ጥቁርና ብርማ ካሬዎች በፕላስተር ሸፍናቸው። ማንበብ ሲያቅተው አብዛኛው ካሜራ 100 ላይ ይሄዳል። 50 ባይሆንም ከ200 ይሻላል።

እንግዲህ አንዱን ሮል ለሙከራ ሠዋው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውረድና አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንዱን ምረጥ። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው። ደግሞ አይቸኩልም፣ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርለት እንደ ዕድር ዳኛ ቆሞ ይጠብቃል። ያንኑ ወፍ ከአንድ ቦታ ሆነህ በ200፣ በ100፣ በ50፣ በ25 አንሳው። ታጥቦ ሲመጣ ጀርባውን እይ። እኔ በሞከርኩት አሮጌ ፉጂ፣ በ200 የተነሳው ላይ ጀርባው አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ቀርቷል፣ ላባና ላባ አይለይም። በ50 ግን የክንፉ ጠርዝ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ላባው መጀመሪያ የተለየበትን ቁጥር ያዝና የቀረውን ካርቶን በሱ አንሳ። አንድ ላይ የከረመ አንድ ዓይነት ፊልም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጠባይ ያሳያል።

ስለ ማጠቢያው። ፎቶ ቤቶቻችን አብዛኞቹ ወደ ዲጂታል ዞረዋል፣ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የምታሳጥብበትን እርግጠኛ ሁን። ከሰጠህ ደግሞ ኔጌቲቩን አስመልስ። እኔን አንድ ቦታ «ተቃጥሏል» ብለው ባዶ እጄን ሸኝተውኛል። ጉም የለበሰ ፊልም ለዓይን የተቃጠለ ይመስላል፣ ስካን ሲደረግ ግን የሚወጣ ነገር አያጣም።

ሌላው አማራጭ ቤትህ ማጠብ ነው። ሲ-41 ሙቀቱ 38 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፣ ለጀማሪ ይከብዳል። ጥቁርና ነጭ ግን 20 ዲግሪ ነው። የቧንቧችን ውኃ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ይሞቃልና በረዶ በፌስታል ቋጥረህ ገንዳው ውስጥ ጣል። የቀለሙንም ፊልም ቢሆን በዲ-76፣ በጥቁርና ነጭ ማጠቢያ ኬሚካል፣ አጥበህ ጥቁርና ነጭ ምስል ታገኝበታለህ። ኔጌቲቩ ቡናማ ሆኖ ንፅፅሩ ደከም ይላል እንጂ ምስሉ አለ። ቀለሙ ክፉኛ ለተበላሸ ሮል እንዲያውም እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

«ለእህቴ ሰርግ ልጠቀምበት» ያልከውን ግን እርሳው። ለሰርግ አዲስ ፊልም ግዛ ወይም ዲጂታል ያዝ።

እስክትጀምር ድረስ ፊልሞቹን በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ። ልታነሳ ስትል ማታውን አውጥተህ አሳድረው፣ ያለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። የማታውቃቸውን ካጠብክ በኋላ ደግሞ ኔጌቲቩን መስኮት ላይ ይዘህ ከቀዳዶቹ አጠገብ ያለውን ፊደልና ቁጥር አንብብ፣ ብዙ ጊዜ ማን እንደሠራው የሚታወቀው እዚያ ነው። በስልክህ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ አንድ ላይ እንፈታዋለን።