ጥያቄና መልስ፦ ከሐዋሳ ፍራንክፈርት ገብተን የእምነት ኑሯችንን እንዴት እንያዘው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በተክሊል የተጋባን ባልና ሚስት ነን። ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ገብተን ኑሮ ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ባለቤቴ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል፤ እኔ ቀን ቋንቋ እማራለሁ፤ የአራት ወር ነፍሰ ጡርም ነኝ። የምናስቀድስበት ቦታ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ በየእሑዱም አይቀደስም። አብሮ መጸለይ ቀርቷል። እኔ ሐዋሳ እንደነበርነው ሁሉንም እንጠብቅ ስል፣ እሱ «እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ በሰው አገር ይህን ሁሉ አይጠይቀንም» ይላል። በዚህ እንጋጫለን። ለነዋሪነት ስንመዘገብ ደግሞ ግብር ይቆረጣል ሲሉን ሰምተን ሃይማኖት በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብለን ሞልተናል። ይህም ኅሊናዬን ይከነክነኛል። መምህር፣ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅታችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከቤታችሁ አይለይ። ግጭታችሁ አንዱ ጾም ወዳድ፣ ሌላው ጾም ጠል በመሆናችሁ የመጣ አይመስለኝም። ሐዋሳ ሳላችሁ ሥርዓቱን የምትሸከሙት ብቻችሁን አልነበረም። ለኪዳን የደብሩ ድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሳችኋል፤ ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነቱ ያቀርባል፤ በዓሉን ብትረሱት ጎረቤት ያስታውሳችኋል። ፍራንክፈርት ላይ ያ ሁሉ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። አንቺ ሸክሙን እንዳለ ልታነሺው ትፈልጊያለሽ፤ እሱ ከብዶት ሊያወርደው ይፈልጋል። የሚሻለው ሁለታችሁ አብራችሁ የምትችሉትን ለይታችሁ መያዝ ነው፤ የሚያዘውም በሰዓት፣ በቀንና በመጠን ነው። «እግዚአብሔር ልብን ያያል» ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ልብ የሚታየው በሠራው ሥራ ነውና ቃሉ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ባልና ሚስቱን አቂላንና ጵርስቅላን አስቡ። የሮም ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ ቆሮንቶስ ገብተው ድንኳን እየሰፉ ኖሩ፤ ቀጥለው ኤፌሶን ተቀመጡ፤ ኋላም ሮም ተመለሱ። በኤፌሶንም በሮምም ቤታቸው የጸሎት ማኅበር ነበረበት። በሐዲስ ኪዳን ስማቸው ስድስት ጊዜ ሲነሣ አንድም ጊዜ ተነጥሎ አልተጠራም። በየከተማው ሥራ የበዛባቸው ስደተኞች ነበሩ፤ የተለየ ምቾት አልነበራቸውም።

ከሁሉ በፊት የንስሐ አባት ይኑራችሁ። ለሁለታችሁም አንድ ይሁኑ። የሐዋሳው የንስሐ አባታችሁ በስልክ ሊመክሯችሁና ሊያጽናኗችሁ ይችላሉ፤ ኑዛዜ ተቀብሎ መፍታትና ለቁርባን ማቅረብ ግን ፊት ለፊት የሚፈጸም ነው። ስለዚህ ከደብራችሁ የክርስትና ስማችሁን፣ የተክሊሉን ቀንና ቍርባናችሁን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት መሸኛ አስጽፉ፤ ዋናውንም በሚመጣ ሰው አስልኩና ለአዲሱ አባት አስረክቡ። ብዙ ባልና ሚስት ይህን ስለሚያዘገዩ እያንዳንዱ ጥያቄ በቤት ውስጥ ክርክር ሆኖ ይቀራል። በጾም ሰዓትም ሆነ በሌላው ባልተስማማችሁ ጊዜ አንቺም እሱም አትፍረዱ፤ ካህኑ ይፍረዱ።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚወጣ ከሆነ (በጀርመኖቹ አቆጣጠር ከ22 እስከ 6 ማለት ነው) ጠዋት ሁለታችሁ ነቅታችሁ የምትገናኙት 1 ሰዓት ገደማ ነው። ያ ሰዓት ለእሱ የመኝታ፣ ለአንቺ የጠዋት ጸሎት ይሁን። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፦ አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም አምስት መዝሙር ከዳዊት። ማታ ከመውጣቱ በፊት ሌላ አምስት ትደግማላችሁ። ይህ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር ነው፤ ዳዊት 15 ንጉሥ ስለሆነ በ15 ቀን ያልቃል። ረጅሙ 118ኛው መዝሙር የሚውልበትን ቀን ከዕረፍቱ ቀን ጋር አገናኙት፤ ድካም ባለበት ቀን ከጀመራችሁት ታቋርጡታላችሁ። ሰው ከሥራ መልስ ስልኩን ይዞ አልጋ ላይ ከወጣ ጸሎቱ ቀረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ልብሱን ሳይለውጥ፣ እግሩን ብቻ ታጥቦ ይቁም።

ሥዕለ አድኅኖውን በምሥራቅ በኩል አድርጉ፤ የተከራያችሁትን ግድግዳ እንዳትበሱ በትንሽ ማስቀመጫ ላይ ማቆም ይቻላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 በሕግ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ መዝሙርና ከበሮ ለማኅበሩ ይቆይላችሁ። ዕጣን ማጠን የካህን ድርሻ ነው። ለመልካም መዓዛ ብላችሁ ብታጨሱ ደግሞ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። በጀርመን በየመኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ በሕግ የግድ የሚተከል ነውና ከጩኸቱ ለመዳን ባትሪውን እንዳታወጡ። ቡናም ስትቆዪ መስኮት ክፈቺ።

ወደ ጾሙ ስንመጣ ዋናው ስሕተት የሚፈጠረው ሌሊት ሥራ ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ሥራ የገባ ሰው ፈረቃውን ሁሉ «ማክሰኞ» ብሎ ይቆጥረዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ በዕረፍት ሰዓት የሚበላው ግን የረቡዕ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የጾም ምግብ መሆን አለበት። በሌላ በኩል እስከ 9 ሰዓት መጾም (በእነሱ 15 ሰዓት) ለሌሊት ሠራተኛ ከሚፈራው ይቀላል፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ቢተኛ፣ ተነሥቶ ታጥቦ ትንሽ ሲጸልይ 9 ይሞላል። ጾሙን በእንቅልፍ ብቻ እንዳያሳልፈው ነው ከመተኛቱ በፊት ያለውን ጸሎት አጥብቄ የያዝኩት። ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ከሆነ ወይም ራሱን የሚያዞረው ከሆነ ሰዓቱን የንስሐ አባቱ ያሻሽሉለታል፤ የጾም ምግብነቱ ግን አይለወጥም። ሰዓት በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ስለሚዞር በጾሙ መካከል ግራ አትጋቡ፤ የምትኖሩበት ከተማ ሰዓት የሚለውን ተከተሉ።

አንቺ ግን፣ እኅቴ፣ እስከ 9 ሰዓት አትቆዪ። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና የምታጠባን እናት አታስጨንቅም። ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ በሰዓቱ ብዪ። ለሐኪምሽም የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ እንደማትበዪ በግልጽ ንገሪው፤ የደም ብረትና ቫይታሚን ቢ12 አይቶ ያዝልሻል። እንክብሉ በጌላቲን ተሸፍኗል ብለሽ አትተዪው፤ መድኃኒት ነው።

በሱቅ ዕቃ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይረዳችኋል። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ አለርጂ ከሚያስነሡት ስለሆኑ በታሸገ ምግብ ዝርዝር ውስጥ ከሌላው ጽሑፍ ተለይተው፣ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል መጻፍ አለባቸው። በጀርመንኛ ወተት «ሚልሽ»፣ እንቁላል «አይ»፣ አይብ ሲወጣለት የሚቀረው ውኃ «ሞልከ» ነው፤ ሞልከ በቺፕስና በብስኩት ውስጥ ሳይታሰብ ይገባል። ጌላቲንና የአሳማ ሞራ («ሽማልስ») ግን ከአለርጂዎቹ ስላልሆኑ አይደምቁም፤ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻ አንብቡ። «ቪጋን» የሚለው ምልክት ለጾም ይሆናል፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ወተትና እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል አይበቃም። ዳቦ ቤት በእጅ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ወተት ወይም እንቁላል ካለበት የመናገር ግዴታ አለባቸው።

በእኔ ግምት በስደት ብዙ ጾም የሚፈርሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ደክሞት የገባ ሰው ያገኘውን ይበላል። ቅዳሜ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ሠርታችሁ በአንድ አንድ ሰው ልክ እየከፋፈላችሁ አቀዝቅዙ፤ ክዳኑ ላይ «የጾም» ብላችሁ ጻፉ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነውና የቅዳሜው ገበያ እንዳያመልጣችሁ። ሐዋሳ ሙቀቱ የሚያቦካልሽ ሊጥ በፍራንክፈርት ክረምት ቀናት ይፈጅበታል። ዕቃውን በፎጣ ጠቅልለሽ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጪው፤ እላዩ ላይ አታድርጊው፣ ጎኑ ደርቆ መሐሉ ሳይቦካ ይቀራል። እርሾውን ሁልጊዜ አስተርፊ።

ስለ ባልና ሚስት መኝታ ሐዋርያው ያለውን ልብ በሉ፦ ለጸሎት ስትሉ መለየት የሚቻለው «ተስማምታችሁ ለጊዜው» ነው (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። በኩርፊያ ጊዜ ጾምን መሸሸጊያ ማድረግ ከዚህ ቃል ውጭ ነው።

ቅዳሴው በየእሑዱ ካልደረሳችሁ በወር አንድ እሑድ ቁርጥ አድርጋችሁ ያዙ። የባለቤትሽ የሥራ መርሐ ግብር ሲወጣ ከዚያ እሑድ በፊት ያለው ቅዳሜ ሌሊት ዕረፍት እንዲሆን አስቀድሞ ይጠይቅ። ለቁርባን ከምግብና ከውኃ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ሥጋ ወደሙን የምትቀበሉት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከሆነ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ታቆማላችሁ ማለት ነው። ይህን እያደረጉ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ማንሣት አይቻልም፤ ቢቻልም ቅዳሴው ላይ ያንቀላፋል። ለአንቺ የ18 ሰዓቱን ነገር ካህኑን ሳትጠይቂ አትወስኚ። ከመኝታ መታቀቡ ከቁርባን በፊት 3 ቀን፣ በኋላም 2 ቀን ነው። ቅዳሴ ከተጀመረ በኋላ ገብቶ መቁረብ ስለማይገባ፣ እሑድ የባቡር መሥመር በጥገና ሊዘጋ ይችላልና ቅዳሜ ማታ በስልካችሁ መንገዱን አረጋግጡ፤ ከምትፈልጉት ባቡር አንድ በሚቀድመው ሂዱ። ሕንፃው በኪራይ የሌላ ቤተ እምነት መሆኑ አያሳስባችሁ፤ ታቦትና ካህናት ባሉበት የሚቀደሰው የእኛው ቅዳሴ ነው። የሐዋሳውን ቅዳሴ በስልክ መከታተል ያጽናናል፤ አስቀደስን ለማለት ግን አይበቃም።

በዓላቱን ዓመቱ ሲገባ ከሥራ ፈቃዳችሁ ጋር አገናኙ። ለምሳሌ የ2019 ዓ.ም. ልደት ሐሙስ፣ ጥምቀት ማክሰኞ ይውላል፤ ሁለቱም በዚያ የሥራ ቀን ናቸው። ፋሲካችን ሚያዝያ 24 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ሜይ 2። የእነሱ ፋሲካ ማርች 28 ስለሚሆን በዚያ ጊዜ የሚሰጣችሁ ዕረፍት ለስቅለታችሁ አይሆንም፤ እናንተ ያን ጊዜ ገና በዐቢይ ጾም ላይ ናችሁ። ስቅለት ኤፕሪል 30 ዓርብ ነውና ለእሱ ፈቃድ ጠይቁ፤ ማግስቱ ቀዳም ሥዑር ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን ሆኖ ይዘጋል። ጥያቄውን በጥር አቅርቡ፤ በኋላ ከሆነ ቀኑን ሌላ ሠራተኛ ይወስደዋል።

ስለ ምዝገባው። ያልሆነ ነገር ጽፋችኋልና ለንስሐ አባታችሁ ተናዘዙ፤ መዝገቡንም አሳርሙ። የፈራችሁት ግብር እኮ እናንተን አይመለከትም። የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚቆረጠው በዋናነት ከካቶሊክና ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት ነው፤ በፍራንክፈርት ከገቢ ግብሩ ላይ 9 በመቶ ነው እንጂ ከደሞዙ ላይ አይደለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን አታስቆርጥም። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደተመዘገባችሁበት ቢሮ ሂዱና «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ» በሉ። ጸሐፊው በችኮላ ካቶሊክ ወይም ወንጌላዊ የሚለውን እንዳይመርጥ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ፤ ያ ከሆነ ግብሩ በእውነት ይጀምራል፣ ለማስቆምም ሌላ ደጅ ጥናት አለው።

ያልጠየቅሽውን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዚህ ጊዜ አላችሁና። ልጁ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። «አያቶቹ ባሉበት ሐዋሳ ሄደን እናስነሣዋለን» ብለው የሚያቆዩ አሉ፤ ትኬቱ ይወደዳል፣ ፓስፖርቱ ይዘገያል፣ ሕፃኑ ዓመት ይሞላዋል። ይህን አታድርጉ። አያቶቹ በሚመጣው ዓመት ልጁን ቆርቦ ያግኙት። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት የክርስትና አባት ወይም እናት የሚሆን ኦርቶዶክሳዊ ከአሁኑ ፈልጉ፤ ለካህኑ የምትወልጂበትን ወር ንገሪ፤ ከወለድሽም በኋላ ትክክለኛውን ቀን ቆጥረሽ በዚያው ሳምንት ደውዪላቸው፤ በዚያ ቀን ሌላ ከተማ ለአገልግሎት እንዳይሄዱ።