ፀሐይ የመታው ውሃ ነው ልጅ የከለከለኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። 31 ዓመቴ ነው፤ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ሽቶና ቅባት እሸጣለሁ። ከተጋባን 3 ዓመት አለፈን። መከላከያ ተጠቅሜ አላውቅም፤ ልጅ ግን የለም። የሱቄ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ የምጠጣው ውሃ ሃይላንዱ ውስጥ እንዳለ እንደ ሻይ ይሞቃል። ፕላስቲክ የሴትን ሆርሞን ያዛባል ሲባል ሰምቼ የቤቱን ጆግና ሳህን ሁሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። አማቴ ደግሞ «ሽቶው ነው ማህፀንሽን ያደረቀው፤ ሱቁን ዝጊ» ይሉኛል። የወር አበባዬ አንዴ በ40 ቀን፣ አንዴ በ2 ወር ነው፤ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ። ባለቤቴ ጤነኛ ነው፤ ከጫት በቀር ሱስ የለበትም። ሱቄን ልዝጋ?
ት.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ ምን በወጣሽ ትዘጊያለሽ! (ሐረር ገብቼ ስንት ዓመት ሳዋልድ ኖሬ እንኳ የገንደቆሬ አንደበቴ አልለቀቀኝም። ድሬ አንቱታ አይወድም፤ አንቺ ልበልሽ።)

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው ሃይላንዱ ላይ ሳይሆን «አንዴ በ40 ቀን፣ አንዴ በ2 ወር» ያልሽው ላይ ነው። እንዲህ የሚዘገይ የወር አበባ ብዙ ጊዜ እንቁላል በወጉ እየወጣ እንዳልሆነ ይናገራል። ፒሲኦኤስ የሚባለው የእንቁልጢ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ወይም ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ይለያሉ፤ ሕክምናም አላቸው። ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ከሆነ፣ ያኔ ሽቶ አትሸጪም ነበር። የአማትሽ ክስ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ስለ ፕላስቲኩ የሰማሽው ግን እንዲያው ወሬ አይደለም። ቻርለስ ዶድስ የሚባል እንግሊዛዊ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል እንደ ሴት ሆርሞን እንደሚሠራ ያሳየው በፈረንጆች 1936 ነው። ጠንካራ ጥርት ያለ ፕላስቲክ መሥሪያ የሆነው ኋላ ነው። እነዶድስ በ1938 ደግሞ ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን አወጡ፤ ፅንስ እንዳይጨነግፍ ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጥ ኖረ። ዋናው ጉዳት የወጣው እናቶቹ ላይ አልነበረም። በሆድ ከነበሩት ሴት ልጆች አድገው ማርገዝ ያቃታቸው ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹን ካንሰር ያዛቸው። የሴት ልጅ ማህፀንም እንቁላልም የሚሠራው ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩ ከእርግዝና ጊዜ የሚጀምረው። ያ ግን ሐኪም ያዘዘው ክኒን ነው፤ ከጆግ ከሚወጣው ጋር በመጠን አይገናኝም።

ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ ቢስፌኖል ኤ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የቱ የቱን እንዳመጣ ግን አልተለየም። ሰውነት በአንድ ቀን ውስጥ አብዛኛውን በሽንት ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ብትቀንሺ ነገ ይቀንሳል።

ሃይላንዱ የተሠራበት ስስ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ የለበትም። ውሃ ማቀዝቀዣ ላይ የሚገለበጠው፣ 20 ሊትር የሚይዘው ጠንካራ ጥርት ያለ ጠርሙስ ነው ብዙ ጊዜ ያለበት። ቢሆንም ሙቀት ከማንኛውም ፕላስቲክ ኬሚካል ያስወጣል፤ አንቺ ሱቅ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሸክላ ጋን ወይም ብርጭቆ ይሻልሻል፤ ጋኑ ውሃውን ያቀዘቅዝልሻል ደግሞ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ጠዋት የሚጨስ ፉል ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይገለበጣል፤ ቋጠሮው ይጠበቃል፤ ቤት ሲደርስ ፌስታሉ ከውስጥ አልቦት ከባቄላው ጋር ተጣብቋል። ያ ፌስታል ከምን ከምን ቀልጦ እንደተሠራ ማን ያውቃል? ሐረር ሸዋ በር ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ስሄድ ሻጩ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ሽቶው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍታሌት የሚባል፣ ሆርሞን በማዛባት የሚጠረጠር ኬሚካል አለ፤ ሽታው እንዲቆይ ይረዳል። መሸጥሽ ሳይሆን ለደንበኛ ሁሉ በእጅሽ ላይ ማርከፍከፍሽ ነው የሚበዛው። ወረቀት ላይ አስሸትቺ፤ ሳትበዪ እጅሽን ታጠቢ፤ በሩን ክፈቺ።

ጫቱን እንደ ቀላል ጠቅሰሽ አልፈሻል። አገራችን ውስጥ በተመረመረ ጫት ላይ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ተገኝቷል። እንደ ቢስፌኖል በቀን አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል፣ በእናት ጡት ወተትም ለልጅ ያልፋል። ማጠብ ላዩን ቢያነሳ እንጂ ሁሉን አያወጣም። አብረሽው የምትቅሚ ከሆነ ማርገዝ ከፈለግሽ ተዪው።

ደግሞስ ባለቤትሽ ጤነኛ መሆኑን በምን አወቅሽ? ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። አንድ ዓመት ሞክሮ ያልሆነለት መመርመር አለበት፤ እናንተ 3 ሞልቷችኋል። አብራችሁ ሂዱ። የእሱ ምርመራ ከአንቺ ሁሉ ይቀላል፦ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይቆያል፣ ናሙናውን ይሰጣል፣ አለቀ። ቤት ከሰጠ በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ፤ ባጃጅ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው ከሸሚዙ ሥር ይያዘው።

ጆጎቹን ጎረቤትሽ ከመለሰችልሽ ተቀበያት። ለቀዝቃዛ ውሃ ይሆናሉ።