የባሕር ውጊያ ጨዋታ ሕግ ለምትጽፉ ወጣቶች

ይድረስ የሸራ መርከብ ዘመን ውጊያዎችን በጠረጴዛ ላይ ለምትጫወቱ፣ አልፋችሁም የራሳችሁን ሕግ ለመጻፍ ለተነሳሳችሁ ልጆቼ፤ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በንግድ መርከብ መኮንንነት ነው። የሠራሁባቸው መርከቦች ሁሉ በሞተር የሚሄዱ ስለነበሩ ስለ ሸራ የማውቀውን የተማርኩት ከመጻሕፍትና ከዚሁ ጨዋታ ነው። «ባሕር አይተን ሳናውቅ ስለ ባሕር ውጊያ ምን እንጽፋለን?» የምትሉ ካላችሁ ጆን ክለርክ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ነበረላችሁ። በባሕር ኃይል ውስጥ አላገለገለም። ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎችን ጠረጴዛ ላይ እየደረደረ የጠላት ሰልፍ እንዴት እንደሚሰበር ሲያሰላስል ከርሞ በ1782 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሐሳቡን አሳተመ። የባሕር ኃይል መኮንኖችም አነበቡለት።

ጀማሪዎች የሚጽፏቸው ሕጎች አብዛኛውን ጊዜ ከመድፍ ይጀምራሉ። ባለ 32 ፓውንዱ (መድፍ የሚጠራው በጥይቱ ክብደት ነው) በዚህ ርቀት ይህን ያህል ይጎዳል፣ ባለ 24ቱ ያን ያህል እያሉ ገጽ ሙሉ ሠንጠረዥ ይዘረጋሉ። ነፋስ መጨረሻው ገጽ ላይ «እንደ አማራጭ» ተብሎ ብቅ ይላል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው። በዚያ ዘመን የነበረ የመርከብ አዛዥ ቀኑን ሙሉ የሚያሰላው ነፋሱን ነበር፤ መድፉ የሚመጣው ስሌቱ ከሠመረለት በኋላ ነው። የጨዋታ ሕግ ሥራም የአዛዡን ጭንቀት ተጫዋቹ ፊት ማስቀመጥ ስለሆነ ከነፋስ ጀምሩ።

አራት ማዕዘን ሸራ የወጠረ የጦር መርከብ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በግራም በቀኝም 67 ዲግሪ ያህሉ ይዘጋበታል። ጠላት በዚያ ወገን ካለ ወደ እርሱ የሚደርሰው እየተጠማዘዘ ብቻ ነው። ለመዞርም ሁለት መንገድ አለው። አፍንጫውን በነፋሱ በኩል አሳልፎ ቢዞር የደከመበትን መንገድ አያጣም፤ ካልሆነለት ግን ሸራው ወደ ኋላ ይነፋና እዚያው ይገተራል። ጅራቱን በነፋሱ በኩል ቢያዞር መገተር የለም፤ ነፋሱ ግን ወደሚነፍስበት ወገን ይወስደዋል። የመጀመሪያውን በዳይስ ይሞክረው፣ የሠለጠኑ መርከበኞች ያሉትም የተሻለ ዕድል ይኑረው። ሁለተኛውን ያለ ዳይስ ፍቀዱለትና ዋጋውን በርቀት አስከፍሉት። አንድ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ ነፋሱን ከሚያሳየው ቀስት አጠገብ ተቀምጦ «ልዙር ወይስ ልቆይ?» እያለ ጣቱን ሲነክስ ካያችሁ ሕጉ ሠርቷል።

ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ለቆመው መርከብ ጥቅሙን ሁሉ የሚያሸክሙ ጸሐፊዎች ግን ተሳስተዋል። እርግጥ ውጊያው መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው እርሱ ነው፤ ጢሱም ወደ ጠላት ይሄድለታል። ነገር ግን መርከቡ ወደ ጠላት በኩል ያዘነብላል። ነፋሱ ከበረታና ማዕበል ካለ የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ወደ ውኃው ይቀርባሉ፤ ሲብስም መዘጋት አለባቸው። በጣም ከባዶቹ መድፎች ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ያለውም መርከብ ሲመረው ነፋሱን ተከትሎ መሸሽ ይችላል። ሁለቱንም ወገን ስጧቸውና ይምረጡ።

የጻፋችሁትን እንግሊዞች ከፈረንሳይና ከስፔን ጋር በተዋጉበት በትራፋልጋር ውጊያ ፈትኑት። ጥቅምት 21 ቀን 1805 የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን 27 የሰልፍ መርከቦችን (በውጊያ ሰልፍ የሚቆሙትን ትልልቅ የጦር መርከቦች) በሁለት ረድፍ አድርጎ በደካማ ነፋስ 33 የፈረንሳይና የስፔን መርከቦች ወደ ተሰለፉበት አፍንጫውን አቅንቶ ገባ። ወደ ፊት የሚተኩስ መድፍ እምብዛም ስላልነበረው የእርሱ መርከብ ቪክቶሪ ምላሽ ሳይሰጥ ለረጅም ጊዜ ተደበደበ። በእናንተ ሕግ ቪክቶሪ ሳይደርስ ከሰጠመ የሩቅ ተኩሳችሁ በዝቷል። ባሕሩ ያንከባልል ነበር፤ በወደብ ታግተው የከረሙት የፈረንሳይና የስፔን ተኳሾችም ልምምድ አንሷቸው ነበር። ምንም ሳይነካ ከደረሰም ቀልድ ነው፤ በእውነቱ የመሪው መዘውር ተሰባብሮ መርከቡን ከታች ወለል ሆነው ነበር የሚመሩት።

ሲደርስ የሆነውን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቪክቶሪ የፈረንሳዩን አዛዥ የቪልኔቭን መርከብ ቡሳንቶርን ከጅራቱ ተጠግቶ አለፈ። የዚያ ዘመን መርከብ ጅራቱ ጌጥ ነው፤ ከአዛዡ ክፍል መስኮቶችና ከስስ እንጨት በቀር የሚከልል ነገር የለውም። መጀመሪያ የተኮሰው ባለ 68 ፓውንዱ አጭር መድፍ ሲሆን ከትልቁ ጥይት ጋር 500 የጠመንጃ ጥይቶች የታጨቁበት በርሜል ጎርሶ ነበር። መርከቡ ዝግ ብሎ ሲያልፍ የጎን መድፎቹ በየተራ ተከተሉ። በዚያ በኩል የገባ ጥይት የሚያቆመው ስለሌለ የመድፎቹን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጠረገ ይሄዳል። ቡሳንቶር በዚያው ከሰዓት እጁን ሰጠ። በሕጋችሁ ከጅራት የገባ ተኩስ ከጎን ከገባው በአንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ከበለጠ ጀርባውን ለመጠበቅ የሚጨነቅ ተጫዋች አታገኙም። እጥፍ፣ ከእጥፍም በላይ አድርጉት።

ሁለተኛው ነገር ትእዛዝ ነው። ከፈረንሳይና ከስፔን ሰልፍ ፊት የነበሩት የፈረንሳዩ አድሚራል የዱማኗር መርከቦች ወደ መሐሉ ውጊያ ለመመለስ ሰዓታት ፈጅቶባቸዋል። ነፋሱ ደካማ ስለነበር አንዳንዶቹን በጀልባ እየጎተቱ ነበር ያዞሯቸው። ከጠረጴዛው በላይ ቆሞ ሁሉን የሚያይ ተጫዋች ግን በመጀመሪያው ዙር ላይ ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ዓይኑን ሸፍኑለት። በ1970ዎቹ ከወጡት የአሜሪካ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ተጫዋቾች እንቅስቃሴያቸውን አስቀድመው በወረቀት እንዲጽፉና በአንድ ጊዜ እንዲገልጡ ያደርጉ ነበር፤ እስካሁን ከዚያ የሚበልጥ መላ አላየሁም። በዚያ ላይ የባንዲራ ምልክት ከመታየቱ በፊት አንድ ዙር ይለፍ፣ ጢስ ከበዛም ሁለት። ሰልፍ የማፍረስ ፍርሃትንም አትርሱት። ማቲውስ የተባለው የእንግሊዝ አድሚራል በ1744 ከቱሎን ውጊያ በኋላ ሰልፉን ትቶ በመግባቱ በፍርድ ከሥራው ተሰናብቷል፤ ሌላው የእንግሊዝ አድሚራል ቢንግ ደግሞ በ1756 በሚኖርካ አቅሙን ሁሉ አልተጠቀመም ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት በጥይት ተገድሏል። እንግዲህ አዛዥ ሆናችሁ ምረጡ!

የገመዱን ዓይነት፣ የሸራውን ስም፣ የእያንዳንዱን ጥይት ጠባይ ተዉት። ለአንድ መርከብ ካርድ አካሉ፣ ምሰሶዎቹ፣ መድፎቹና ሰዎቹ ይበቁታል። ሰዎቹ በጀልባ መጎተቻም፣ በተኩስም፣ ጠላት መርከብ ላይ ዘሎ በመግባትም የሚካፈሉ ስለሆኑ እነርሱን በጥንቃቄ ቁጠሩ።

አሸናፊውን ስትለዩም የመጨረሻው መድፍ ሲተኮስ አታቁሙ። በትራፋልጋር እንግሊዞች አንድም መርከብ ሳያጡ 17 ማርከው ነበር። ወዲያው በተነሳው ማዕበል፣ ጠላትም መልሶ በመማረኩ፣ ራሳቸውም በማቃጠላቸው ጊብራልታር የገቡት ምርኮዎች አራት ብቻ ናቸው። እኔ ስጫወት ለተማረከ መርከብ ግማሽ ነጥብ እሰጥና ሌላውን ግማሽ የምሞላው ምሰሶ ከተረፈለትና ማራኪው ሰው ከመደበለት ነው። በዚህ የሚከራከሩኝ አሉ፤ እናንተም የተሻለ አቆጣጠር ካገኛችሁ ጻፉልኝ።